ድርብ፣ እጥፍ፣ ቅጂ፦ ስለ ዲኤንኤ መደረብ የሚነገሩ የአማርኛ ስያሜዎች ሲመረመሩ

በሥነ ሕይወት የሙያ ቃላት መካከል ቀላል መስለው ተርጓሚን ከሚያስቸግሩት አንዱ «ሁለት ጊዜ መሆንን» የሚገልጸው ነው። አማርኛ ለዚህ ሐሳብ ቃል አላጣም፤ እጥፍ፣ ድርብ፣ መንታ፣ ጥንድ፣ ቅጂ፣ ግልባጭ፣ ድግም፣ ብዜት እያልን ብንቆጥር ስምንት እናገኛለን። ችግሩም የመጣው ከዚሁ መትረፍረፍ ነው። አንዱ ጽንሰ ሐሳብ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ቃል ይጠራል፤ በአንጻሩም በሳይንሱ ዘንድ የየራሳቸው መልክ ያላቸው ሦስት ነገሮች በአንድ ቃል ታጭቀው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የዲኤንኤ ክፍል ሁለትና ከዚያ በላይ ሆኖ መገኘቱን፣ ይህም በሰውና በቅርብ ዘመዶቹ አዝጋሚ ለውጥ ላይ ያሳደረውን ውጤት ለመግለጽ የምንጠቀምባቸውን ስያሜዎች ነው። በአንዳንድ ጽሑፎች «ዘረመል»፣ በሌሎች «ጂን» የሚባለውን እኛ «በራሂ» እንለዋለን፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ስያሜ ከመመዘኑ በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። ሱሱሙ ኦኖ የተባለው ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ክርክር በአጭሩ የሚከተለው ነው። አንድ ብቻ የሆነ በራሂ በሥራው የታሰረ ነው፤ ቢለወጥ ሥራው ይጎድላል፣ ባለቤቱም ይጎዳል። ሁለተኛ ሲገኝለት ግን አንዱ የቀድሞውን ሥራ እየሠራ ሌላው ሊለወጥ ነጻነት ያገኛል። አንዲት ማሳ ብቻ ያለችው ገበሬ ያልተፈተነ እህል አይዘራባትም፤ ሁለተኛ ማሳ ሲጨመርለት ግን ይሞክራል፤ ሙከራው ቢከሽፍ እንኳ ቤተሰቡ አይራብም። ሰው ቀይና አረንጓዴ ቀለምን ለይቶ ማየት የቻለው በዚህ መንገድ ነው። ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን የሚያሠራ አንድ በራሂ በጥንት ዘመን ሁለት ሆነ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥቂት በጥቂት ተለያዩ፤ አንዱ ለቀዩ፣ ሌላው ለአረንጓዴው ይበልጥ ስሱ ሆነ። ቺምፓንዚም ጎሪላም፣ የሰሜን ተራሮቻችን ጭላዳም ይህንኑ ወርሰዋል።

ከዚህ ሰፋ ያለውም አለ። አንድ በራሂ ብቻ ሳይሆን ከሺህ እስከ መቶ ሺህዎችና ከዚያም በላይ ፊደላትን የያዘ የዲኤንኤ ክፋይ እንዳለ ወደ ሌላ ስፍራ ይደረባል። በዚህ ዓይነት የተደረበው ክፍል ከሰው ጂኖም ከመቶ 7 እጅ ያህል ነው። የሰውን፣ የቺምፓንዚን፣ የኦራንጉታንንና የማካክን ጂኖም ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ይህ መደረብ የበረታው የሰው፣ የቺምፓንዚና የጎሪላ የጋራ ቅድመ አያት በኖረበት ዘመን አካባቢ ነው። ተራ የፊደል ለውጥ በዝግታ በሚሄድበት ዘመን የክፋዮች መደረብ ግን ፈጥኗል። ለምን እንደ ፈጠነ አጥጋቢ መልስ አልተገኘለትም። የሚታወቀው ውጤቱ ነው፤ ሰው ከቺምፓንዚ ከተለየባቸው የጂኖም ክፍሎች ብዙዎቹ የሚገኙት በነዚህ ክፋዮች ውስጥና ዙሪያ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋ ባለሙያ የሆነ አንባቢ ከራሱ ሙያ አንድ ነገር ማስታወስ ይችላል። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ በጽሑፍ ግን አንድ ነው። ድምፁ ሁለት ሲሆን ምልክቱ አንድ ነው። የጂኖም ንባብም ለረጅም ዘመን እንዲህ ያለ ጉድለት ነበረበት። መሣሪያዎቹ ጂኖሙን በአጫጭር ቁርጥራጭ እየከፈሉ ያነቡና ቁርጥራጮቹን በመመሳሰላቸው ያገጣጥሙ ስለ ነበር፣ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ክፋዮች አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው እንደ አንድ ይታያሉ። ጠብቆ ሊነበብ የሚገባው ላልቶ ይነበብ ነበር ማለት ነው። የሰው ጂኖም ተነቦ ተጠናቀቀ የተባለው በ2003 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ከመቶ 8 እጅ ያህሉ አልተነበበም ነበር፤ ካልተነበበውም ብዙው ድግምና ድርብ የሆነው ክፍል ነው። ረጃጅም ቁራጮችን የሚያነቡ መሣሪያዎች ከመጡ በኋላ በ2022 እ.ኤ.አ. 3 ቢሊዮን ከ55 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት የመጀመሪያው ሙሉ የሰው ጂኖም ወጣ። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቺምፓንዚ፣ የቦኖቦ፣ የጎሪላ፣ የሁለት ዓይነት ኦራንጉታንና የሲያማንግ ጂኖሞች በዚሁ ሙሉነት ታተሙ።

የመመሳሰል ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያመጣው ምሳሌ አለ፤ ሞክሼ ፊደላት። ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ «የተደረቡ» ናቸውና ለዲኤንኤው ምሳሌ ይሆናሉ የሚለው ነው። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ጥቂት አይደለም። ሞክሼዎቹ በጥንቱ ግእዝ የየራሳቸው ድምፅ የነበራቸው፣ በአማርኛ አፍ ግን አንድ የሆኑ ናቸው፤ ተለያይተው ጀምረው ተመሳሰሉ። የተደረቡ በራሂዎች አንድ ሆነው ጀምረው ይለያያሉ። መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። ከቋንቋችን ምሳሌ ከተፈለገ የተሻለው ግሥ ነው። «ሰበረ» «ሰባበረ» ሲሆን የተደረበው መካከለኛው ፊደል ብቻ ነው፤ ግሡ በሙሉ አልተደገመም፤ ይሁን እንጂ አዲስ ፍች ወጣ። ከፊል መደረብ ለአዲስ ሥራ እንደሚበቃ በዲኤንኤው ወገን የሚያስረዳ ጉዳይ አለ፤ ወደ እርሱ እንደርሳለን።

አሁን ስያሜዎቹን እንመዝን። ለተርጓሚው እጅ መጀመሪያ የሚቀርበው «እጥፍ» ነው። እጥፍ መጠንን ይለካል፤ «ዋጋው እጥፍ ሆነ» ስንል ነገሩ ያው ሆኖ ልኩ አደገ ማለታችን ነው። በተደረበ ዲኤንኤ ግን ያደገው ልክ ሳይሆን የነገሮቹ ቍጥር ነው። በዚያም ላይ እጥፍ በሁለት ላይ የቆመ ቃል ነው፤ ሦስትና አምስት ሲመጣ «ባለ አምስት እጥፍ» እያልን መንገዳገድ ይመጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ከመድኃኒት አጠገብ ሲቀመጥ ነው። «እጥፍ በራሂ ያላቸው ሰዎችና ኮዴይን» የሚል ርእስ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ አንባቢው ዓይኑ የሚያርፈው «እጥፍ» ከሚለው ላይ ነው፤ ሊረዳው የሚችለውም የሚወሰደው መድኃኒት እጥፍ መሆን እንዳለበት ነው። መልእክቱ ከታሰበው ተቃራኒ ይሆናል።

«ብዜት»ን በአጭሩ ማሰናበት ይቻላል። ብዜት በሒሳብ የማባዛት ውጤት ነው፤ በግብርና ደግሞ ሥራው የታወቀ ነው። «የዘረመል ብዜት» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ለግብርና ባለሙያ የምርጥ ዘር ብዜት ጣቢያን እንጂ ሌላ ነገር አያሳስበውም።

«ቅጂ» ጠለቅ ያለ ምርመራ ይፈልጋል። ቀዳ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በብራና መጻሕፍት ዓለም ቅጂ ካለ እናቱ አለች፤ ቅጂው ከእናቱ ያነሰ ማዕረግ አለው፤ የተለየበትም ስፍራ ሁሉ የጸሐፊው ግድፈት ተብሎ ይታረማል። ይህ አመለካከት ወደ ሥነ ሕይወት ሲገባ ያሳስታል። በራሂ ከተደረበ በኋላ ከሁለቱ የትኛው «ዋና»፣ የትኛው «ቅጂ» እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ትርጉም አይኖረውም፤ በጥንቱ ስፍራ የቀረው ሊሞት፣ አዲሱ ሥራውን ሊረከብ ይችላል፤ የተለየበት ነጥብም ጉድለት ላይሆን አዲስ ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅጂን ለድርጊቱ መጠሪያ ማድረግ አንደግፍም። በማተሚያ ቤት ግን ቅጂ ማዕረግ የለውም፤ «አምስት ሺህ ቅጂ ታተመ» ሲባል ሁሉም እኩል ናቸው። በዚህ ፍች «የቅጂ ብዛት» የሚለው ሐረግ ተስማሚ ነውና አንነካውም። የምራቅ ኢንዛይም የሆነውን አሚሌዝ የሚያሠራው በራሂ በቺምፓንዚ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ በሰው ከሰው ሰው እየተለያየ ከአሥር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ስታርች የሚበዛበት ምግብ የሚመገቡ ሕዝቦች በአማካይ ብዙ ቅጂ እንዳላቸው በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አመልክቷል። ይህን በ«የቅጂ ብዛት» መግለጽ ማንንም አያሳስትም።

«ግልባጭ» ግን ለሌላ አገልግሎት መቀመጥ አለበት። የቢሮ ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ግልባጭ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ዋናው ደብዳቤ በፋይሉ ውስጥ ይቀራል፣ ግልባጩ እንዲያውቁትና እንዲሠሩበት ለሚመለከታቸው ክፍሎች ይላካል። ከዲኤንኤ ተገልብጦ ከሕዋሱ አስኳል የሚወጣው አርኤንኤ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እንዲህ የተዋጣ ቃል በእጃችን እያለ በመደረብ ላይ ማባከን አይገባም።

«ድግም» ደግሞ አጫጭር ሆነው በጂኖሙ ሁሉ ለተበተኑት ድግግሞች ይሁን። ከነዚህ መካከል አሉ የተባለው ሦስት መቶ ያህል ፊደላት ያሉት ድግም ከሚሊዮን በላይ ጊዜ ይገኛል፤ ከጂኖማችንም ከመቶ 10 እጅ ያህሉን ይዟል። «ድግግሞሽ» እንዳይባል በፊዚክስ የሞገድን ድግግሞሽ ለመግለጽ ተይዟል። ድግምን የሚጠራጠሩ ሰዎች ድግምትን ያስታውሳል ይላሉ፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዳዊት መድገምም ከዚያው ግሥ ነውና የአንዱ ጥፋት ለሌላው አይተርፍም።

የቀረው «ድርብ» ነው። ደረበ ማለት ያለውን ሳያስወግዱ በላዩ ሌላ መጨመር ነው፤ ጋቢ በኩታ ላይ ይደረባል፤ ሠራተኛ በሥራው ላይ ተደራቢ ሥራ ይሰጠዋል። የቀደመው ይኖራል፣ አዲሱም አለ፤ ሁለት ብቻ መሆን አለባቸው የሚል ግዴታ የለም፤ ማዕረግም አይሰጥም። የኦኖ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ በዚህ ቃል ውስጥ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። የርባታውም መንገድ ክፍት ነው። ቀነሰ፣ ቅነሳ እንደሚል ደረበ፣ ድረባ ይላል፤ ይህ ለድርጊቱ ይሁን። ጨመረ፣ ጭማሪ እንደሚል ደረበ፣ ድራቢ ይላል፤ ይህ በድረባ ለተገኘው ክፍል ይሁን። «ድርበት» የሚለው ግን ከደረበ ዓይነት ግሥ ርባታ የማይወጣ፣ በጥብቀትና በርቀት አምሳል የተቀረጸ ነውና አያስፈልግም። በድረባ ተወልደው ጎን ለጎን የሚኖሩትን በራሂዎች «መንትያ በራሂዎች» ማለት ጥሩ ነው፤ መንትዮች ከአንድ ማሕፀን ወጥተው የየራሳቸውን ጠባይ ይይዛሉና። የዲኤንኤን ቅርጽ «ድርብ ጥምዝ» ብለው የጻፉ ቢኖሩ፣ ሁለቱ ክሮች እኩልና ተጓዳኝ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ስላልሆነ «ጥንድ ጥምዝ» ማለት ይሻላቸዋል፤ ድርብ የሚለውም ነጻ ይወጣል።

ስያሜው በተግባር እንዲፈተን ከላይ ወደ ጠቀስነው ከፊል ድረባ እንመለስ። የአንጎል ነርቭ ሕዋሳትን መያያዣ ብስለት የሚቈጣጠር ኤስአርጋፕ 2 የተባለ በራሂ አለ። በቺምፓንዚና በጎሪላ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። በሰው ዘር ሐረግ ግን ከ3.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከፊሉ ተደረበ፤ ከ2.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ድራቢው ራሱ እንደ ገና ተደረበ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተሙ ሁለት ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ይህ ጎደሎ ድራቢ የቀድሞውን በራሂ ሥራ ይገታል፤ በመገታቱም የነርቭ መያያዣዎቹ ቀስ ብለው ይበስላሉ፣ በርክተውም ይበቅላሉ። ጎደሎነቱ ሥራ ሆነ ማለት ነው። ሐዳር ላይ በ1974 እ.ኤ.አ. የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ በሌዲ ገራሩ የተገኘው የሆሞ መንጋጋ 2.8 ሚሊዮን ዓመት በመሆኑ፣ ሁለቱ ድረባዎች በግምት የሚያርፉት በአፋር አለቶች ውስጥ ታሪካቸው በተቀበረላቸው ፍጥረታት ዘመን ዙሪያ ነው። ይህን አንቀጽ «ድራቢ» በሚለው ስፍራ ሁሉ «ቅጂ» አስገብቶ ማንበብ ልዩነቱን ያሳያል፤ «ጎደሎ ቅጂ» ወዲያው የተበላሸ ነገር ይመስላል።

በዚሁ አጋጣሚ ሥራ ያቆሙ መንትዮችን «ሐሰተኛ በራሂ» ማለት እየተለመደ መሄዱን እንቃወማለን። ሐሰት የለባቸውም፤ አንድ ጊዜ ሠርተዋል፤ አሁን አይሠሩም። ገበሬው ሳይታረስ ለከረመ መሬት «ጦም ያደረ» ይላል። መሬቱ መሬት መሆኑን አልተወም፤ ድንበሩም አልጠፋም። «ጦም አዳሪ በራሂ» የሚለው ስያሜ ነገሩን ያለ ስድብ ይገልጻል።

እስካሁን ያልነው ለመዝገበ ቃላት ሰዎች ብቻ የሚጠቅም ቢመስል፣ የሚከተለው ጉዳይ ይህን ግምት ያርማል። በ22ኛው ሐብለ በራሂ ላይ ሲዋይፒ 2ዲ6 የተባለ በራሂ አለ፤ አጠገቡ ጦም ያደሩ መንትዮቹ 2ዲ7 እና 2ዲ8 ተቀምጠዋል። በጉበት የሚሠራ ኢንዛይም ያስገኛል፤ ብዙ መድኃኒቶችም በዚህ ኢንዛይም ይለወጣሉ። ስቶክሆልም በሚገኘው የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪ የሆኑት እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ 122 ኢትዮጵያውያን ተመርምረው ከመቶ 29 ያህሉ ይህ በራሂ ተደርቦ ተገኝቶባቸዋል፤ በአንዱ ሐብለ በራሂ ላይ ብቻ እስከ አምስት ድረስ የተደረበላቸውም ነበሩ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለወጠው በዚሁ ኢንዛይም ነው። ድራቢ ያለው ሰው ፈጥኖና አብዝቶ ይለውጠዋል፤ ለሌላው ተገቢ የሆነው መጠን ለእርሱ አተነፋፈስን እስከ ማዳከም ሊደርስ ይችላል። የዩናይትድ ስቴትስ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ ሲከለክል፣ ለሚያጠቡ እናቶችም እንዳይመከር ሲያስጠነቅቅ አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። እንግዲህ ስለ ድረባ የሚነገረውን በትክክል መተርጐም ለሚያጠባ እናት መዳኛ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሰዎች «ፈጣን ለዋጮች» ማለት በቂ ነው፤ ከባድ ቃል መፈለግ አያስፈልግም።

በዚህ ቍጥር ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ ይገባል። ከመቶ 29 የሚለው በ122 ሰዎች የተገኘ ነው እንጂ የሰማንያ ብሔረሰቦች ቈጠራ አይደለም። ደግሞም እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሚኖሩና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አነጻጽረው፣ አንድ ዓይነት በራሂ ይዘው ሳለ በአገር ቤት ያሉት ኢንዛይማቸው ዝግ ብሎ እንደሚሠራ አሳይተዋል። ምግቡ ይሁን ሌላ፣ አካባቢ የራሱ ድርሻ አለው። የበራሂው ቍጥር ዕጣ ፈንታ አይደለም። ብዙ ድረባ ለምን በኢትዮጵያውያን ዘንድ በረከተ ለሚለው ጥያቄ፣ በዕፀዋት ውስጥ ያለን መርዝ ለማርከስ ይጠቅም ስለ ነበር ነው የሚል መላ ምት አለ፤ መላ ምትነቱ ሊዘነጋ አይገባም።

ይህ ሁሉ ወደ ቡለን ሲመጣ ሌላ መልክ ይይዛል። ቡለን በመተከል ዞን፣ ከአባይ ወዲህ የምትገኝ ወረዳ ናት፤ ቦሮ ሺናሻና ጉሙዝ፣ ከእነርሱም ጋር አማራ፣ አገውና ኦሮሞ ይኖሩባታል። ቦሮኛ የኦሞአዊ ቋንቋ ነው፤ ጉሙዝኛ አብዛኞቹ ሊቃውንት ከናይሎ ሰሃራ ወገን የሚመድቡት ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ፣ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ የጤና ምክር መጀመሪያ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም በአፍ ወደ ቦሮኛ ወይም ወደ ጉሙዝኛ ይተረጐማል። በአማርኛው ላይ የገባ ስሕተት ሁለተኛ ጊዜ ሲተረጐም አይታረምም፤ ይሰፋል እንጂ። የጉሙዝ ሰዎች ደግሞ ስለ ጂኖም በሚነገረው ውስጥ እንግዳ አይደሉም። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢትዮጵያውያን ጥናትም፣ በ2015 እ.ኤ.አ. 225 የኢትዮጵያውያንና የግብጻውያን ጂኖሞች በተነበቡበት ጥናትም ውስጥ ናቸው። በዚያው ዓመት የተጠናቀቀው የሺህ ጂኖሞች ፕሮጀክት ከ26 ሕዝቦች 2,504 ሰዎችን ሲያነብ አንድም የኢትዮጵያ ሕዝብ አልነበረበትም። እንግዲህ ከጥቂቶቹ የተነበቡ መካከል ሆነው ሳለ፣ ስለ እነርሱ የተነበበው በምን ቃል ተመልሶ እንደሚነገራቸው መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ዘረመል» የሚለውን ያልተቀበልነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ክፍለ ቃል ለብቻው ለአንባቢ የሚነግረው ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ግን ብዙ ይናገራል። ዘር የሚዘራ ነው፤ ዘር ትውልድ ነው፤ በዘመናችን ንግግር ደግሞ ዘር ሰውን ከሰው የሚለይ አጥር ሆኗል። በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ወረዳ «የዘር ምርመራ ልናደርግልዎ ነው» ብሎ ደም ለመቅዳት የሚቀርብ የጤና ሠራተኛ ምን እንደሚሰማ መገመት አያስቸግርም። «ዘረመል» በማለት የሁለት ፊደል ቅጥያ መጨመር ጆሮን አያታልልም። አንድ በራሂ በጉሙዙም፣ በቦሮውም፣ በአማራውም ተደርቦ ሊገኝ ይችላል፤ ስያሜው ግን ከስሙ ጀምሮ ዘር ስለ ለየው ነገር የሚያወራ ይመስላል።

«ጂን» እንዳይባል ሌላ እንቅፋት አለ። በበርታ አገርና በአሶሳ፣ በሌላውም የአገራችን ክፍል፣ ጂን የሚታወቅ ስም አለው፤ መንፈስ ነው። «ጂንዎ ተደርቧል» የተባለ ሰው ሐኪም ቤቱን ትቶ ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድ አይፈረድበትም። የሕግ አርቃቂዎቻችን በዚህ ረገድ ያደረጉት የሚገርም ነው። አዋጅ ቍጥር 482/1998 ስለ ጄኔቲክ ሀብት ሲደነግግ «አርካቦት» የሚለውን ቃል ከግእዝ አንሥቶ ለአዲስ ፍች ለማዋል ደፍሯል፤ «ጄኔቲክ» ላይ ሲደርስ ግን ድፍረቱ አልቆ የባዕዱን ቃል እንዳለ ትቶታል።

«በራሂ» በርሀ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ የሚያበራ፣ የሚገለጥ ማለት ነው። ሐብለ በራሂ ከእርሱ ጋር ተጣምሮ ክሮሞሶምን ይሰይማል። የሚሰነዘርበት ወቀሳ ሕዝብ አያውቀውም የሚል ነው። ይህ ወቀሳ የሚጸናው አማርኛን በአፍ መፍቻነት ለሚናገር ብቻ ነው፤ ለእርሱ ዘረመል ግልጽ ይመስለዋልና። በቡለን ላለው የቦሮ ተናጋሪ ዘረመልም በራሂም እኩል አዲስ ናቸው፤ ልዩነቱ በአንደኛው ውስጥ የሚያውቃት፣ የሚፈራትም ቃል መኖሯ ነው።

ስለ ዘመዶቻችን ስያሜ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ቺምፓንዚ፣ ቦኖቦ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን በአገራችን ስለማይኖሩ ለእነርሱ የወል ስም አልፈጠርንም፤ ተርጓሚውም «ዝንጀሮ» ይላል። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለው፣ የስንቱን ክርክር ያቀጣጠለ ዓረፍተ ነገር የዚህ ትርጉም ውጤት ነው። ዝንጀሮ ጭራ አለው፤ ከእኛ ሐረግ የተለየው ከ25 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ማንም ሊቅ ሰው ከእርሱ መጣ አላለም። «ሰብአ መሰል» የሚሉ አሉ፤ ሰውን መለኪያ ማድረጉ ግን አይጥመንም። «አልቦ ጭራ» ቢባል ይበጃል። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የነዚህ ፍጥረታትና የሰው ጭራ የጠፋው አንድ አሉ ድግም በአንድ በራሂ ውስጥ ገብቶ በመቀመጡ ሳይሆን እንዳልቀረ አሳይቷልና፣ ስያሜው ከመልካቸውም ከጂኖማቸውም ጋር ይገጥማል።

ድረባ ጉዳትም አለው። ተመሳሳይ ክፋዮች በአንድ ሐብለ በራሂ ላይ ተቀራርበው ሲቀመጡ፣ የዘር ሕዋስ በሚሠራበት ጊዜ አንዱ ከሌላው ጋር ተሳስቶ ይጣመርና በመካከላቸው ያለው ይጠፋል ወይም ይደረባል። በ22ኛው ሐብለ በራሂ ላይ በዚህ መንገድ የሚደርሰው መጥፋት በሕፃናት ላይ የልብና የላንቃ ጉድለት ያስከትላል። ከላይ «የዘር ሕዋስ» ስንል አንባቢ ሳይታዘበን አልቀረም፤ ለዚህኛው ሌላ ስም አልተገኘም፤ ዘርም በጥንቱና በትክክለኛ ፍቹ እዚህ ላይ ቦታው ነው።

ስያሜዎቹ በሙያ ቃላት ጉባኤ ሲታዩ፣ ድረባ፣ ድራቢ፣ መንትያ፣ ጦም አዳሪና ፈጣን ለዋጭ የሚሉት ከመጽደቃቸው በፊት በቦሮኛና በጉሙዝኛ ተርጓሚዎች ፊት ቢነበቡ እንወዳለን። በላቲን ፊደል የሚጽፉት እነዚህ ቋንቋዎች የራሳቸው ግሥ ይኖራቸዋል፤ ደረበ ለሚለው አቻ ካላቸው ድራቢን በቀጥታ ከራሳቸው ይወስዱታል፤ ከሌላቸው የአማርኛውን ከመዋሳቸው በፊት ምን ብለው እንደሚረዱት መስማት ያስፈልጋል። በራሂ ግን እንዳለ ይግባ፤ ጥብቀት የለውም፤ ለመጻፍም አያስቸግርም።